ያውቁ ኖሯል? ባለ ሁለት አፉ የወፍ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት

ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከማሻ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ከአባት ለልጅ የተላለፈ አሮጌ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ያለበት ቤት አይታጣም። አባት ሲያርፉ፣ ወይም ዓይናቸው ደክሞ ጅግራዋን ከቁጥቋጦው መለየት ሲያቅታቸው፣ "ይሸጥ" የሚል ሐሳብ ይነሣል። መሸጡ ነውር የለበትም፤ የሚቆጨው ምን እንደሆነ ሳያውቁ መሸጡ ነው። ዛሬ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ወፎቹና ስለ አገሩ የምናነሣቸው ነገሮች ከመዋዋል በፊት ቢታወቁ ይጠቅማሉ።

ያውቁ ኖሯል? "ባለ 12" የሚባለው ጠመንጃ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር አይደለም። አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም 0.45 ኪሎ ገደማ፣ ለ12 እኩል ድቡልቡል ፍሬ ቢከፋፈል አንዱ ፍሬ በአፈሙዙ ልክ ይሆናል ማለት ነው። የቀዳዳው ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የባለ 16ቱ 16.8፣ የባለ 20ው 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቀዳዳው ይጠባል።

ሁለቱ አፈሙዞች መንታ ቢመስሉም ሥራቸው ይለያያል። በአብዛኞቹ አሮጌ ጠመንጃዎች የቀኙ ጫፉ ላይ ሰፋ፣ የግራው ጠበብ ይላል። የፊተኛው ምላጭ ቀኙን፣ የኋለኛው ግራውን ይተኩሳል። ቆቅ ከእግር ሥር ብርር ስትል ፍሬውን ቶሎ የሚበትነው ቀኙ ይቀድማል፤ ከሳተና ወፏ ከራቀች ፍሬውን ሰብሰብ አድርጎ የሚልከው ግራው ይከተላል። የጥበቱ ልዩነት ቢበዛ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ይህችን ጥበት "ላስተካክልልህ" ብሎ የሚሞርድ እጅ የጠመንጃውን ዋጋ አብሮ ይሞርዳል።

የወፍ ፍሬ በትክክል የሚሠራው እስከ 35 ወይም 40 ሜትር ቢሆንም የሚደርስበት ርቀት ከዚያ እጅግ ያልፋል። አዳኞች የፍሬውን ስፋት በሚሊ ሜትር ወስደው በ100 ያባዙታል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነች ፍሬ 250 ሜትር ድረስ ልትሄድ ትችላለች። ቡና በሚለቀምበት ወቅት በየዛፉ ሥር ሰው አለ። ስለዚህ "የወፍ ብቻ ነው" ተብሎ የሚናቅ መሣሪያ አይደለም።

ጠመንጃ ባልነበረበት ዘመን ቆቅ የምትታደነው በሚወረወር ዱላ፣ በምዝግዝግ ነበር። "ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ" የሚለው ተረት የቀረልን ከዚያው ነው።

በአገራችን ስለ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃና ስለ ወፍ የተጻፈ ወግ ከ250 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በጎንደር "ያጎቤ" ይሉት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1770 በጦር አለቃው በዋራኛ ፋሲል ሰፈር ፈረስ እየጋለበ በአጭር ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃው ሁለት ጭልፊቶችን አከታትሎ ጥሎ ሰውን እንዳስደነቀ ጽፏል። ጎንደር ላይ ደግሞ በጥይት ፈንታ የሞራ ሻማ አጉርሶ ተኩሶ ተደራርበው የተቀመጡ ሦስት ጋሻዎችን በስቷል።

አሁን ወደ ሽያጩ እንምጣ። የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ ያለው ከጎኑ በተቀረጸው አበባና ወፍ ላይ ሳይሆን ታጥፎ ሲከፈት በሚታየው የአፈሙዞቹ ሆድ ላይ ነው። የፊተኛውን እንጨት ያውልቁ፤ አፈሙዞቹን ከሰደፉ ይለዩ፤ ገልብጠው ብርሃን ላይ ያውጧቸው። ቅባቱን በጨርቅ ሲጠርጉት ትንንሽ ማኅተሞች ይወጣሉ። ዘውድ ያለበት የእንቁላል ቅርጽ ውስጥ "ኢ ኤል ጂ" የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉ ጠመንጃው በቤልጂግ፣ በሊዬዥ ከተማ ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ ዘውዱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተፈተነ መሆኑንም ይነግርዎታል። በብዙ የጀርመን ጠመንጃዎች ላይ ወሩና ዓመቱ በቁጥር ተመትተው ይገኛሉ። በእስፓኝ ጠመንጃዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ዓመቱ በአንድ ፊደል ይታወቃል፤ የመጀመሪያው ፊደል የ1927 ነው። በእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ "ለድፍን ጥይት አይሆንም" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካነበቡ ደግሞ እጅዎ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1887 ባለው ጊዜ የተፈተነ ነው። ከአድዋ በፊት የተሠራ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ "አሮጌ ነው" ብሎ በቡና ጆንያ ዋጋ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው።

እዚያው ላይ ሌላም ቁጥር ይፈልጉ። በአፈሙዞቹ፣ በመካከለኛው ብረትና በፊተኛው እንጨት ብረት ላይ የተመታው መለያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከተለያየ፣ አንዱ ክፍል ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው፤ ዋጋው ይወርዳል፤ አተኳኮሱም ያሠጋል።

ትልልቆቹ የእንግሊዝ ሠሪዎች ጠመንጃ በጥንድ ይሠሩ እንደነበርስ? አንደኛው ላይ "1"፣ ሁለተኛው ላይ "2" በወርቅ ይጻፋል። በእርስዎ ላይ "2" ካለ አንድ ወንድሙ የሆነ ቦታ ተቀምጧል፤ ወይም ነበረ። እንደ ዌስትሊ ሪቻርድስ (የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1812)፣ ፐርዲ (1814) እና ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ (1835) ያሉት ቤቶች የድሮ መዝገባቸውን ይዘዋል፤ በመለያ ቁጥሩ ጠመንጃው መቼና ለማን እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል። የጣሊያኑ ቤሬታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1526 ለቬኔሲያ የጠመንጃ አፈሙዝ የሸጠበት ሰነድ እስከ ዛሬ አለው።

መምቻው ወደ ውጭ የወጣ ጠመንጃ ሁሉ ግን በጣም አሮጌ ነው ማለት አይደለም። መምቻውን ወደ ውስጥ የደበቀውን ቀላልና ጠንካራ አሠራር አንሰንና ዲሊ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በበርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ1875 ፈጠሩ፤ ባለ ውጭ መምቻው ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ዕድሜ የሚነገረው በማኅተሙ ነው።

ይህን አንዱን አጥብቀው ይያዙ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። አፈሙዙ ላይ የተጠማዘዘ፣ የእንጨት ዓመታዊ ቀለበት የመሰለ መስመር ካዩ "ደማስቆ" የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ብረትና ፖላድ አብረው ተጠምዝዘው፣ በዘንግ ላይ ተጠምጥመው፣ በእሳት እየተቀጠቀጡ የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ የተሠሩትም የተፈተኑትም ለጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ሲተኮስባቸው ግራ እጅ በሚይዝበት ቦታ ሊፈነዱ ይችላሉ። ሌላም አለ። በብዙ የድሮ አውሮፓ ጠመንጃዎች ቀለህ የሚገባበት ቤት 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዛሬ በብዛት የሚገኘው ጥይት ለ70 ሚሊ ሜትር ነው። የ70ው ጥይት ሳይተኮስ በአጭሩ ቤት ውስጥ ደኅና ሆኖ ይገባል፤ ችግሩ የሚመጣው ሲተኮስ ነው። ጫፉ ተዘርግቶ ማለፊያውን ያጠበዋል፣ ግፊቱም ያይላል። ገዢው "እስኪ አንድ ጊዜ ተኩሼ ልየው" ቢልዎ አይፍቀዱ።

ሳይተኮስ የሚፈተንበት መንገድ አለ። አፈሙዞቹን ብቻ ከሆዳቸው ባለው መንጠቆ በአንድ ጣት አንጠልጥለው በጥፍር ቀስ ብለው ይምቷቸው። ሁለቱን ያያያዘው ብየዳ ደኅና ከሆነ እንደ ደወል ረዘም ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ድምፁ ከታፈነ ወይም ከተንኮሻኮሸ ብየዳው ለቋል፤ ውስጡም ውሃ ገብቶ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ገጣጥመው፣ የፊተኛውን እንጨት ብቻ ትተው፣ ወዝወዝ ያድርጉት፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ብዙ ተተኩሶበታል። የላይኛው መክፈቻም ይመሰክራል። አዲስ ሳለ ሲዘጋ ከመሐል ወደ ቀኝ ዘንበል ይል የነበረው፣ እያረጀ ሲሄድ ወደ መሐል፣ ከዚያም ወደ ግራ ይሻገራል።

ሚዛን ተፈሪ ከአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለቡናና ለኮረሪማ የበጀ እርጥበት ለብረት ጠላት ነው። ያማረው የቆዳ ማኅደር የሚጎዳውም እዚህ ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ከአለፋው የቀረ ጨውና አሲድም ብረቱን ይበላል። ጠመንጃው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ስስ ቅባት ተቀብቶ፣ ተቆልፎበት ይቀመጥ፤ ማኅደሩ ለብቻው ይቀመጥ።

ከመሸጥ በፊት "ላሳምረው" ማለት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። የደበዘዘውን ብረት አዲስ ጥቁር መቀባት፣ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት፣ የተጎዳ ብሎን በገበያ ብሎን መለወጥ፣ እነዚህ ሁሉ አዋቂ ገዢ ፊት ዋጋ ያስጥላሉ። አባትዎ ለ40 ዓመት በእጃቸው ያለሰለሱት እንጨት እንዳለ ይቆይ። የተሰበረው ሰደፍ በሰፈር አናጢ በዋንዛ እንጨት ተተክቶ ከሆነም አይደብቁት፤ ይንገሩ። እኔ ገዢ ብሆን የዋንዛ ሰደፉን ከነታሪኩ እመርጣለሁ።

ቡና ነጋዴ ጠመንጃ ሲሸጥ ምን እንደሚገጥመው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በላይ ምሳሌ የለም። ቅኔ መጻፉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 በኤደንና በሐረር የቡና ንግድ ቤት ተቀጠረ። ከዚያ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎችን በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዋጋውን ራሳቸው ቆረጡ፤ ጥሬውን ገንዘብም በእጁ አልሰጡትም፤ ሐረር ሄዶ ከከተማው ገዢ ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። ራምቦ ከዚያ ንግድ ያሰበውን አላገኘም። ሩቅ መንገድ የመጣና ዕቃውን መመለስ የማይችል ሻጭ ዋጋ አይቆርጥም። ክረምት ላይ፣ ቡናው ሳይደርስ እጅ ሲያጥር፣ ደላላ በር ሲያንኳኳ ይህን ያስታውሱ። ቡናው ተሸጦ ቤቱ ሲረጋጋ የሚቆረጠው ዋጋ ሌላ ነው።

የጌሻ ቡና ታሪክ ከጠመንጃ ንግድ ታሪክ ጋር በአንድ ከተማ መገናኘቱንስ ያውቁ ኖሯል? ከሚዛን በስተ ደቡብ ያለችው ማጂ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዝሆን ጥርስ፣ የጠመንጃና፣ ማንሣቱ ቢመርም፣ የሰው ልጅ ጭምር የሚሸጥባት ነበረች። እንግሊዞች ቆንሲል ያስቀመጡባት ጠረፉን ተሻግሮ የሚሄደውን ይህንኑ ንግድ ለመከታተል ነው። ከቆንሲሎቹ አንዱ አርኖልድ ሆድሰን ስለ አካባቢውና ስለ አደኑ መጽሐፍ ጽፏል። ሌላው ሪቻርድ ዋሊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ ደን አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ያ ዘር በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በጨረታ አንድ ፓውንዱ 21 ዶላር አወጣ፤ ለዚያ ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። ዘሩን የጠበቁት የአገሩ ሰዎች ግን ከዚያ ጨረታ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ዋጋውን የማያውቅ ሰው ያለውን ይሰጣል።

ስለ ቡና ንግድ ካነሣን፣ የምዕራቡ ቡና በጋምቤላ በኩል በመርከብ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ አገኙ፤ መርከቦቹ የሚመላለሱት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ጀርመናዊው የወፍ ሊቅ ኦስካር ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1901 ከካፋ ተነሥቶ በጊሚራና በሸኮ አድርጎ እስከ ሱዳን ተጉዟል። በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው በጠመንጃ ነበር፤ ላባዋ እንዳይበላሽ በጣም በደቀቀ ፍሬ ትመታለች፣ ቆዳዋ ተገፎ በጥጥ ይሞላል፣ የተገኘችበት ቦታ በወረቀት ተጽፎ እግሯ ላይ ይታሰራል። ዛሬ ሚዛን ዙሪያ ያሉ ወፎችን ስም በመጽሐፍ ስናነብ ከጀርባው እንዲህ ያለ ሥራ አለ።

በኦሞ ሸለቆ ሙርሲዎች ዘንድ ለሙሽራዋ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥሎሽ በደንቡ 38 ከብት ነው፤ ጠመንጃም በከብት ፈንታ ይቆጠራል። እዚያ ጠመንጃ መሸጥ የጋብቻ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። በካፋና በሸካ የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት በአደን ይኖሩ ስለነበርና ሌላው የማይበላውን የአውሬ ሥጋ ይበላሉ ስለተባለ ለዘመናት ተገልለዋል፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መቀመጥ ተነፍጓቸዋል። በዚያው ደን ከውጭ በመጣ ጠመንጃ ያደነ ሹም ግን "ጀግና" ተብሎ ተዘፍኖለታል። በመረብና በጦር ማደን ውርደት፣ በጠመንጃ ማደን ክብር የሆነበት ሚዛን ትክክል አልነበረም። የአባቱን ጠመንጃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዱካውን ያሳየውን፣ የወደቀችውን ጅግራ ከእሾህ ውስጥ ያወጣውን ሰው ስምም አብሮ ይጻፍ።

የአደን ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909፣ በተለይ ዝሆንን በተመለከተ፣ አደንን የሚገድብ ድንጋጌ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ወጣ። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ፤ ወፍም የዱር እንስሳ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። "የአባቴ ጠመንጃ ነው፣ የአያቴ ጫካ ነው" የሚለው ንግግር ፈቃድ አይተካም።

የእርሳስ ፍሬ ከተኩሱ በኋላም ይገድላል። ረግረግ ላይ የወደቀውን ፍሬ ዳክዬና ዝይ ከጠጠር ጋር ይውጡታል፤ ተመርዘውም ይሞታሉ። አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን እ.ኤ.አ. በ1991፣ የአውሮፓ ኅብረት በረግረጋማ ቦታዎች በ2023 ከለከሉት። ምትኩ የብረት ፍሬ ነው፤ እሱ ደግሞ ለአሮጌና ጫፉ ለጠበበ አፈሙዝ አይስማማም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ መያዝም፣ መነገድም፣ መጠገንም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። የወፍ ጠመንጃም ጠመንጃ ነው። ያለ ፈቃድ ለሌላ ማስተላለፍ ሻጩንም ገዢውንም ያስከስሳል። ፈቃዱ የወጣው በአባትዎ ስም ከሆነና አባትዎ ካረፉ ፈቃዱ ከዕቃው ጋር ተወርሶ እጅዎ አልገባም። ታሪካዊ ዋጋ ያለውን አሮጌ ዕቃ ከአገር ለማስወጣትም በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ "ውጭ አገር ገዢ አለኝ" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁት።

ለመሸጥ ከወሰኑ እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የፈቃዱን ወረቀት ይፈልጉ። ይዘውት፣ ከሌለም ባዶ እጅዎን፣ ጠመንጃውን ቤት ትተው ሚዛን ወይም ቴፒ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱና ምን ማድረግ እንዳለብዎ ይጠይቁ። ማኅተሞቹንና መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። አባትዎ በሕይወት ካሉ ከማን እንደገዙት፣ በስንት እንደገዙት፣ የት የት እንዳደኑበት ዛሬውኑ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉ፤ ቀን ይጻፉበት፤ እሳቸውም ይፈርሙበት። ያ ወረቀት ከጠመንጃው ጋር ለገዢው ይሰጥ፤ ቅጂው ግን ከእርስዎ ዘንድ ይቅር።